አባታችንና የተንቀጠቀጠው ፊርማ

አባታችንን ልትሸኙ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ የሕይወት ታሪካቸውን ጥቂት ታግሣችሁ እንድትሰሙኝ በቤተሰቡ ስም እለምናለሁ። ድምፄ ዝቅ ካለባችሁ ቀረብ በሉ።

አባታችን የዛሬ ስድሳ አንድ ዓመት፣ በፍርድ ቤት በር ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳዮች ማመልከቻ ይጽፉ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጠው የተጣለ ወረቀት እየለቀሙ ያነቡ ስለነበር፣ ገና በአሥር ዓመታቸው፣ በሩ ላይ ከሚውሉት አምስት ጸሐፊዎች የትኛው የትኛውን እንደ ጻፈ አይተው ይለዩ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት አጠናቀው በፖሊስ የምርመራ ክፍል ከተቀጠሩ በኋላ፣ የጽሕፈት፣ የቀለምና የሰነድ ምርመራ ተምረው በዚሁ ሙያ ሃያ ስምንት ዓመት አገልግለዋል። የክፍላቸው አንድ መስኮት በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኖ፣ በሐምራዊ መብራት ሥር ተፍቆ የጠፋው ቃል ይወጣ፣ አንድ የሚመስለው ቀለምም ሁለት ሆኖ ይታይ ነበር። ባልደረቦቻቸው «አባ ጠርጥር» ይሏቸው ነበር፤ የሠርግ ጥሪ ሲደርሳቸው እንኳ በአጉሊ መነጽር ሳያዩ እሺ አይሉም እያሉ።

እናታችን በዚያው መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ሠራተኛ ነበሩ። ለመጀመሪያው የፍቅር ደብዳቤ መልሱን በመኪና ጽፈው እንደ ላኩ፣ «ጠባዬን ከእጅ ጽሕፈቴ እንዳያነብብኝ ብዬ ነው» እያሉ እስከ ዛሬ ያስቁናል። ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል፤ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ።

የዛሬ ሰባት ዓመት፣ አልጋ ላይ ውለው የሞቱ አንዲት አረጋዊት መምህርት ቤታቸውን ለአስታማሚያቸው ያወረሱበት ወረቀት፣ የወንድማቸው ልጆች ሐሰተኛ ነው ብለው ስለ ከሰሱ ለምርመራ መጣ። አባታችን ፊርማውን መምህርቷ በጤናቸው ዘመን ከፈረሙት ጋር አስተያይተው፣ መስመሩ ስለሚንቀጠቀጥ ቀስ ብሎ አስመስሎ የሣለ ሰው እጅ ነው ብለው መሰከሩ። በአስታማሚዋ ላይ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደ። ከችሎቱ ሲወጡ፣ «ጌታዬ፣ ሲፈርሙ ወረቀቱን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ፤ እርስዎ የት ነበሩ?» አሏቸው።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አባታችን የፈረሙበትን የውጤት ካርዴን አስተማሪዬ መልሰው ያዙብኝ። «ይሄ የአባትሽ ፊርማ አይደለም፤ ማን ነው የፈረመልሽ?» ሲሉኝ፣ ራሳቸው ናቸው ብል የሚያምነኝ አጣሁ። አባታችን ተጠርተው መጥተው፣ «የእኔ ነው» ካሉ በኋላ ካርዱን ከአምናው ጋር ይዘው ቆመው ቀሩ። የዘንድሮው ይንቀጠቀጥ ነበር። እጅ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ እንደ ያዛቸው ያወቁት በዚያች ቀን ነው።

ቤት ሲደርሱ ሁለቱን ፊርማዎች በአጉሊ መነጽር አይተው፣ «ሴትዮዋን ያለ ጥፋቷ አሳሰርኳት» አሉ። እናታችን፣ «ተው እንጂ፣ አንተ ነህ እንዴ የፈረድከው?» ቢሏቸው፣ «ዳኛው ያመነው እኔን ነው» ብለው መለሱ። መምህርቷ በታመሙበት ወራት የፈረሙትን አንድም ወረቀት በምርመራው ጊዜ አልጠየቁም ነበርና፣ ያን ፍለጋ ወጡ። ከሦስት ወር በኋላ በአንድ ክሊኒክ የመድኃኒት መረከቢያ መዝገብ ላይ አሥራ አንድ ፊርማ አገኙ፤ ሁሉም የተንቀጠቀጡ ናቸው። መዝገቡን ይዘው ፍርዱ እንደገና እንዲታይ አመለከቱ።

በዚህ መሃል ሐኪሙ አንደበታቸውም እየተያዘ እንደሚሄድ ነግሯቸው ስለነበር፣ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ባራዘመ ቁጥር በጭንቀት ቀን እንቆጥር ነበር። አለቃቸው፣ «ጡረታህ ደርሶ ስምህን በገዛ እጅህ ታጠፋለህ? ነገ ያሳሰርካቸው ሁሉ በርህ ላይ ይሰለፋሉ» አሏቸው። «ይሰለፉ፤ አንድ በአንድ አያለሁ» አሉ።

ሁለት ጊዜ ከተራዘመ በኋላ በሦስተኛው ቀጠሮ ቀረቡ። የመምህርቷ ወንድም ልጆች ጠበቃ፣ «ብዕር መያዝ ያቃታቸው ሰው ስለ ብዕር ሊመሰክሩልን ነው?» ሲል በአዳራሹ ተሳቀ። አባታችን ወረቀት ለምነው በዳኛው ፊት ፈረሙ፤ ከዚያም ቃላቸው እየተቆራረጠ እንዲህ አስረዱ፦ አስመሳይ ስለሚፈራ ቀለሙ ከመነሻው እስከ መድረሻው እኩል ይወፍራል፤ የታመመ ሰው ግን እጁ ይንቀጠቀጣል እንጂ አያመነታም፤ የፊርማው ጭራ ቀጥኖ ይወጣል። «ልዩነቱን ያኔ አላየሁትም፤ የሚያሳየኝን ወረቀትም አልጠየቅሁም። ስሕተቱ የእኔ ነው» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰው ፊት አልተናገሩም።

አስታማሚዋ ከአምስት ዓመት እስር በኋላ በነፃ ሲለቀቁ አባታችን በእስር ቤቱ በር ላይ ጠበቋቸው። አስታማሚዋ ግን ሰላም ሳይሏቸው አለፉ። አባታችን ቤት ገብተው፣ «ልክ ናት» ብቻ አሉ። በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ስምንት ቀን የፈጀ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፈው ላኩ፤ መልስ አልመጣም። ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር ወደ በሩ እየተመለከቱ ኖረው፣ ከትናንት በስቲያ ጧት በቤታቸው አረፉ።

አባታችን እናታችንን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እኅታቸውን ትተው ሄደዋል።

ዛሬ ጧት በር ላይ በተቀመጠው የሐዘንተኞች መዝገብ አስታማሚዋ ስማቸውን ጽፈው ፈርመዋል፤ ከፊርማው በላይ ያለው ቃል አንድ ነው፤ «መጥቻለሁ» ይላል። ለአባታችን ላሳያቸው ስላልቻልኩ ለእናንተ አነበብኩት።

ፈጣሪ የተሳሳቱትንም ያረሙትንም አንድ ላይ አይቶ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውንም በሰላም ያሳርፍልን።