የሰኔ አሥራ አራት ፀሐይ

ነኢማዬ፣ እንኳን መጣሽ! ግቢ፣ ግቢ፤ ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ እርጥብ ነው። አንዲትን በርበሬ ነጋዴ የጎረቤቷ ልጅ ፀሐይዋን ወሰደባት ቢሉሽ ታምኛለሽ? … እኔም አላመንኩም ነበር። ቆይ፣ እነግርሻለሁ። የልጅሽ የሀያቱ ጉንፋን ተሻለው? ተመስገን።

እንግዶቹን አይተሽ አትሳቀቂ። ጋሽ ደግፌን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሽማግሌ ሆነው ነው። ከሳቸው ጋር ያለውም አብሯቸው የተላከ የሰፈር ልጅ ነው። እዚህ ጎኔ ባለው ሕንጻ ላይ አምስተኛ ፎቅ ሊጨመር ነውና የጎረቤት ፊርማ ፈልገው ነው። ወረቀቱ ያውልሽ ጠረጴዛው ላይ። እስክርቢቶውን እንኳ ራሳቸው ይዘው መጡ፤ ምን ዓይነት ጨዋነት ነው! ይደርሳል፤ መጀመሪያ እንጫወት።

እና ያቺ ሴትዮ… ኋላ ሸዋገነት አሽሟጠጠች እንዳይሉኝ፣ አንዲት ሴትዮ ናት። ልጁን ያሳደገችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። የእናቱ ግቢ ፀሐይ አልነበረውም፤ ጧት ጧት ቅባት ተቀብቶ ፀሐይ የሞቀው በሷ ግቢ፣ ሽንት ጨርቁ የደረቀውም በሷ ገመድ ነው። አድጎ የሕንጻ ንድፍ ተማረ። ስንቱ ተምሮ ሜዳ ቀርቷል፤ እሱ ግን ፀሐይ ማውጣት ተማረ! እየቀለድኩ አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ ሰማይ ይዘረጋል፣ ወርና ሰዓት ይነግረዋል፣ ፀሐይዋ ‹እሺ ጌታዬ› ብላ ትወጣለች። ጥላው የሚወድቅበት ሳይቀር ይታያል። ሬንደር ነው የሚሉት። እግዚአብሔር እንኳ ፀሐይን እስከ አራተኛው ቀን አቆይቷታል፤ እሱ ከምሳ በኋላ ጨረሳት።

አራቱን ፎቅ ሊያቆም ሲል ሴትየዋ፣ «ልጄ፣ የምኖረው ይህን በርበሬ አድርቄ ነው፤ ጥላህ አይወድቅብኝም?» አለችው። ጉልበቷን ስሞ ኮምፒውተሩን ከፈተላት። ወይ ጉድ! ግቢዋ ቁልጭ ብሎ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ በርበሬው እንደ ፍም ቀልቶ፣ እሷንም ከነነጠላዋ ስሏታል። ፀሐይዋ ከጧት እስከ ማታ ስትዞር ጥላው ወዲያ ወደ ራሱ በር እንጂ ወደሷ ዝር አላለም። እንባዋ መጣ። ፈረመች። ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነው…

ሕንጻው አለቀ፣ ታኅሣሥ ገባ። በርበሬዋን አሰጣች፤ ጥላ። እስከ አምስት ሰዓት ጠበቀች፤ ጥላ። እስከ ዘጠኝ፤ ጥላ። በርበሬው ሻግቶ፣ የሃያ ዓመት ደንበኛዋ ሃፊዛ ከቤቴል ድረስ ተሸክማ መለሰችላት። አልተቆጣችም እኮ። «አይ፣ እትዬ» ብቻ ብላ ሄደች። ተመልሳም አልመጣችም።

ሴትየዋ ደግሞ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ንባብ የለመደችው በርበሬ ከምትጠቀልልበት የመጽሐፍ ገጽ ነው። አንድ ቀን የጂኦግራፊ ገጽ እጇ ገባ። ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች ይላል። በሰኔ ወደ አስኮ፣ በታኅሣሥ ወደ ዘነበወርቅ ማለት ነው። ሕንጻው የቆመው በየት በኩል ነው? በዘነበወርቅ! ልጇን ርሆቦትን ጠርታ ያኔ በቴሌግራም የላከላትን ሥዕል አስከፈተቻት። ጥጉ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን ተጽፏል። ርሆቦት ወደኛ ብትመልሰው… ሰኔ አሥራ አራት።

እስቲ ንገሪኝ፤ በሰኔ በርበሬ የሚያሰጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የኮልፌ ሰማይ በሰኔ እንዲያ ጠርቶ የዋለውስ መቼ ነው?

ክፋት ነው እንዳትይ ብቻ! ቀኗን የመረጣት ኮምፒውተሩ ራሱ ነው ይላል፤ እሱ አላያትም። እውነቱን ነው። ስንት መስኮት፣ ስንት ደመና የሚያሳምር ሰው አንዲት ወር ብታመልጠው ይፈረድበታል? ወሩን መቀየር የአንድ ጣት ሥራ ነው አሉ… ጣቱ ደክሞት ይሆናል።

‹ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ› ይባል ነበር፤ ድሮ። አሁን ሥልጣኔ ነው፤ አጥርሽን ማን ይነካል? በላዩ ነው የሚያልፉት።

ጋሽ ደግፌ፣ ሻዩ በረደብዎት? ይጠጡ እንጂ። እዚህ ቤት ነገር ቶሎ ይበርዳል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለአምስተኛውም ፎቅ አዲስ ሥዕል መጥቷል፣ ነኢማዬ። ያምራል አሉ። የዚህኛው ወር የቱ እንደሆነ እንጃ… አልጠየቅኩም። መጠየቅ ያስቀይማል፤ ደግሞ ሰውየው ደስታ ላይ ነው፣ ሚስቱ ደርሳለች፣ ዛሬ ነገ ነው።

በይ ምስክር ሁኚኝ፤ መልሴ ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል አልጨምርም፦

«ፊርማዬን አልከለክልም። ሰኔ አሥራ አራት ቀን፣ ሰማዩ ሥዕሉ ላይ እንዳለው ጠርቶ ከዋለ፣ መጥቶ ይውሰድ። እስከዚያው ቤቱ ይባረክለት፣ ሚስቱም በሰላም ትገላገል፤ የሚወለደውንም ሕፃን እግዚአብሔር፣ አባቱ ለኔ ባወጣልኝ ፀሐይ ያሙቅለት።»