ሽማግሌዎቹና የጃፓኑ ስዕል

በእኛ ጊዜ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ፍራንክፈርት መጥተንም ይቺን አልተውናትም። ታዲያ ልጄን ቤቲን ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ቦናመስ ሰፈር ያለው ቤቴ መጡ፣ እና ቆሙ። ቆመው ምን ያያሉ? ፊት ለፊታቸው የተሰቀለውን ስዕል ነዋ። ድሮ በምሠራበት ሆቴል አንድ ጃፓናዊ እንግዳ የሰጠኝ ነው፤ እንጨት ላይ ቀርጸው ወረቀት ላይ የሚያትሙት ዓይነት። አገራቸው ውስጥ ስሙ የገነነ ቤተ መቅደስ ነው አሉ፤ ቀይ በር፣ በረዶ፣ እና ጃንጥላ የያዙ ሰዎች።

ታዲያ የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ወርቁ፣ የኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ የጣዖት ቤት አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ይውረድ። ካልወረደ የመጣንበትን ሳንናገር እንመለሳለን።»

ልጄ ከኩሽና ብቅ ብላ «ፓፓ፣ ቢተ»፣ አባዬ እባክህ፣ ትለኛለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አንድ ምስማር ነው፣ ማውረዱ አያቅተኝም፤ ግን በገዛ ቤቴ ታዝዤ? እና እኔን ታውቁኛላችሁ፣ ያልቆጠርኩት ነገር የለም።

«አቶ ወርቁ፣ እስቲ ስዕሉ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ይቁጠሩልኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ቆጠሩ። «አሥራ አራት።»

«በዚህ በረዶ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ለጣዖታቸው ሊሰግዱ ነዋ።»

«ጥሩ። ባለፈው እሁድ በረዶ ሲጥል እኔ ለአምልኮ በተከራየነው አዳራሽ ስልሳ ወንበር ደርድሬ ነበር። ስንት ሰው መጣ?»

ከሦስቱ በዕድሜ የሚያንሰው ተስፋዬ ቀስ ብሎ «እኔ ነበርኩ» አለ።

«አንተማ ነበርክ፣ ከዘጠኙ አንዱ ነህ። አቶ ወርቁስ?»

«እኔማ… ባቡሩ ዘግይቶ…»

«እነዚህ በእግራቸው ናቸው» አልኩና ስዕሉን አሳየኋቸው።

ታዲያ ተስፋዬ አፉን ይዞ ሳቀ፣ ሦስተኛውም ሳቀ፣ እና አቶ ወርቁ ራሳቸው ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። «በሉ ስዕሉ ይቀመጥ፤ እኛ የመጣነው ልጅዎን ፈልገን ነው» አሉ።

እኔም እንደ ደንቡ ወዲያው እሺ አላልኩም። «መልሱን እሁድ ጠዋት አዳራሹ እሰጣችኋለሁ፤ ቴርሚናችሁ፣ ቀጠሯችሁ ማለቴ ነው፣ እሱ ነው» አልኳቸው።

«በረዶ ከጣለስ?» አሉ አቶ ወርቁ።

«ከጣለማ ሰርጉም ይዘገያል።»

እና እሁድ ጣለ፣ ያውም ቁርጭምጭሚት ድረስ። ቁልፉን ይዤ ስደርስ አቶ ወርቁ ሚስታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን አስከትለው በር ላይ ይንቀጠቀጣሉ። አራት ሰው። ልጄን እዚያው በር ላይ ሰጠኋቸው፤ ከዚያ ስልሳውን ወንበር አብረን ደረደርን።