ሽፍታ የወጣበት ባቡር

— ሄሎ... ሄሎ፣ አቤት እትዬ። አዎ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ። ቆይ፣ ከመጠየቅሽ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። አሁን የምነግርሽ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። አንድም አልጨምር፣ አንድም አልቀንስ። እማዬን...

— እሺ፣ በእማዬ አልምልም። እሷ ትረፍ። በራሴ ልማልልሽ... በራሴ ስምል አታምኚኝም። ታዲያ በማን ልማል? ባልሽ ይሙት እንዳልል፣ እሱ አሁን ያለበት ቦታ ለመሐላ አይመችም።

— እላይ ነዋ። ... ሮለር ኮስተሩ ላይ። ባቡሩ ሽቅብ ሲንፏቀቅ ቆይቶ ቁልቁል ከመወርወሩ በፊት ሰው ሁሉ ፈጣሪውን የሚጠራባት ጫፍ አለች አይደል? እሷ ላይ ተቀምጧል።

— ኧረ ደህና ነው። በወገብ ቀበቶ ከሐዲዱ ጋር ታስሯል፣ ተከትዬው ወጥቼ ያሰርኩለት እኔ ራሴ ነኝ። ... አይወድቅም። ከፍታው አይደለም የሚያሰጋን፣ ኩርፊያው ነው።

— ማን ነገረሽ ግን? ... ቲኬት ሻጯ? — አንቺ፣ ቲኬቱን ስትሸጪ ኖረሽ ወሬውን በነጻ ማደል ጀመርሽ? — ሄሎ፣ አዎ፣ ክፍሉ ውስጥ ናት። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ቀድማ ብታደርገው ይሻል ነበር።

— ተባሯል ወይ? እሱ ገና አልለየለትም። ማናጀሩ ከታች ሆኖ "ተባረሃል" ብሎታል። ጋሼ ደግሞ "አልሰማሁም" ብሏል። ስለዚህ እስኪወርድ ድረስ ሠራተኛ ነው ማለት ነው።

— አውቃለሁ እትዬ። አውቃለሁ። እሱ ሥራ ሲፈታ ቤታችሁን ነው የሚቀባው። ... ፍሪጁን ሳይቀር አረንጓዴ ያደረገው ጊዜ፣ አስታውሳለሁ። እንዳይባረር ነው እኮ እኔም እዚህ ስልክና መስኮት መሃል የምንገላታው።

— ከሥሩ ልንገርሽ። ይቺን አሮጊት ሮለር ኮስተር እያደሷት ነው፣ ያን ታውቂያለሽ። የድሮዎቹ ባቡሮች ዳገቱን ሲወጡ እንደ ሽማግሌ ያቃስቱ ነበር። ተሳፋሪው ሳይሆን ባቡሩ ነበር የሚፈራው። እነሱ ወጡ፣ ሁለት አዲስ ባቡር መጣ። ወንበሩ ለስላሳ፣ ብረቱ ደረት ላይ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ። ማናጀሩ ግን ባቡር ብቻ አይበቃም፣ ታሪክ ያስፈልገዋል አለ። የምን ታሪክ? የሽፍታ ታሪክ። ዋሻ ተሠራ። ባቡሩ ሲገባ ጭንብል ያደረጉ አሻንጉሊቶች ከግራና ከቀኝ ብቅ ይላሉ፣ ጠመንጃ ይደግናሉ። ... አይ፣ ጋሼ አሻንጉሊቶቹን አላያቸውም። እስከ ዛሬ ጠዋት ካርቶናቸው ውስጥ ነበሩ።

— እሱን ልነግርሽ ነው። ባቡሮቹን የሚቀባው ጋሼ ነውና ማናጀሩ በስልክ ጻፈለት። አንብቤዋለሁ፣ ቃል በቃል ልበልሽ፦ "ሁለቱንም ባቡሮች ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሽፍታ በሽፍታ አድርጋቸው።"

— ምን አደረገ? አድርግ የተባለውን ነዋ። ሽፍታ በሽፍታ አደረጋቸው። ... አይደለም እትዬ፣ ጠመንጃ የያዘውን ሽፍታ አይደለም። የሚያሳክከውን።

— ሄሎ? ... ትሰሚኛለሽ? ... እየሳቅሽ ነው ወይስ እያለቀስሽ?

— አዎ፣ ሁለቱንም። ቀይ በቀይ። አንዳንዱ ለብቻው፣ አንዳንዱ ተገናኝቶ ደሴት የሠራ። ትንሿ ልጅሽ ኩፍኝ የያዛት ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ጀርባዋን እያየ ያደረው ማን ነበር? ... እሱ ነው። አንድም አልረሳ። ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ ነበር አይደል የወረደው? ባቡሩም ከመብራቱ ሥር ጀምሮ ነው የወረደው። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ዘበኛው እዚህ አጠገቤ ቆሟል፣ ከጠዋት ጀምሮ ክንዱን ያካል። ቀለም ነው ስንለው "አውቃለሁ" ይላል። ያካል። — አንተ፣ ተው እንጂ፣ እኔንም እያስጀመርከኝ ነው። —

— ለምን አልጠየቀም? እትዬ፣ እኔ ነኝ ያገባሁት?

— ጠየቅነው። "የልጆች መጫወቻ አይደል፣ ስለ ክትባት ሊያስተምሩ መስሎኝ" አለ።

— ማናጀሩማ ጠዋት ባቡሮቹ የተሸፈኑበትን ሸራ ሲገልጥ መጀመሪያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እንዳይተላለፍበት ነው መሰል። ከዚያ "ምንድን ነው ይሄ?" አለ። ጋሼ "ሽፍታ ነው" አለ። ማናጀሩ "የታለ ሽፍታው?" አለ። ጋሼ "ከዚህ በላይ ልጨምርበት?" አለ። እንዲህ ሲመላለሱ ነው ቃሉ የተገለጠላቸው። እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ብተወውም እሷን ተምሬ ነው የወጣሁት፤ የሚያሳክከው ሽፍታ "ፍ"ዋ ትጠብቃለች፣ ሽፍ-ፍታ። ጫካ የሚገባው ትላላለች። ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ መንትያ ናቸው፣ እናታቸውም አትለያቸው።

— ጋሼማ ያኔ ይቅርታ ብሎ መልሶ ቢቀባው አልቆ ነበር። ማናጀሩ "ማንበብ አትችልም እንዴ?" አለው። በሰው ፊት። ... አዎ፣ እሱን። የከተማውን ታፔላ ግማሽ የጻፈ ሰው። ብሩሹን አስቀመጠ፣ ቀበቶውን አነሳ፣ መሰላሉን ይዞ ወጣ። ጫፍ ላይ ሲደርስ "ይጠብቃል ብሎ እስኪያምን አልወርድም" አለ። ይኸው ማናጀሩ ከታች "ይላላል"፣ እሱ ከላይ "ይጠብቃል"። አንገቱ ተቆልምሞ ሊቀር ነው ማናጀሩ።

— በምን ላገናኛችሁ? ስልኩ ታች ኮቱ ውስጥ ነው። ... ቆይ። ቆይ አንዴ። መኪና ቆመ። ... ወይ ጣጣ። ተቆጣጣሪው ነው። ... የደኅንነት። ነገ በሩ እንዲከፈት እሱ እሺ ማለት አለበት። የብረት ቆቡን አደረገ፣ እየመጣ ነው። ማናጀሩ ጀርባውን ሰጥቶታል፣ አላየውም። ስሚ፣ ስልኩን በመስኮት ላውጣልሽ...

— ሰማሽ? ... "ይላላል! ስንት ጊዜ ልንገርህ፣ ይላላል!" ነው ያለው። ተቆጣጣሪው ቀጥ ብሎ ቆመ።

— "ምኑ ነው የሚላላው?" አለ። ... ማናጀሩ ዞረ። እትዬ፣ ፊቱን ባየሽልኝ። ... "ፍ ናት" አለው።

— ተቆጣጣሪው "ፍ የሚባለው ምሰሶ የትኛው ነው?" ብሎ ሽቅብ እያየ ነው። ... አልቀለድኩም። ቲኬት ሻጯን ጠይቂያት፣ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ነው የምትስቀው።

— "ምሰሶ አይደለም፣ ሽፍታ ነው" አለው ማናጀሩ። አሁን ተቆጣጣሪው ባቡሩን አየ። ተጠጋ። ... በጥፍሩ ጫር አደረገው። "አዲስ ባቡር ነው ብላችሁኝ ነበር፣ ይሄ ዝጓል እኮ" አለ። ... ኧረ የላላ ነገር የለም፣ ከመካኒኩ ጋር ትናንት ብሎኑን በሙሉ አጥብቀናል። ግን የፓርኩ ማናጀር በገዛ አፉ ይላላል ካለ ማን ይከፍትለታል?

— እየነገርኩሽ ነው፣ አትቸኩዪ። "እላይ ያለው ሰው ማን ነው?" አለ ተቆጣጣሪው። ማናጀሩ "ሠራተኛ ነው" አለ። ሰማሽ? ሠራተኛ ነው አለ። ... እኔም መጻፊያ ብይዝ ጽፌ አስፈርመው ነበር።

— ተቆጣጣሪው እጁን እንደ ጡሩንባ አፉ ላይ አድርጎ እየጠየቀው ነው። "አንተ፣ እዚያ ያለህ፣ ይላላል ወይስ ይጠብቃል?" ... ጋሼ ቁልቁል አየው። ... "የተባረረ ሰው ምን አገባው?" አለ። ጆሮው ይሰማ ነበር ለካ።

— ማናጀሩ "ማን ነው ያባረረህ?" አለ። እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፣ ማር ነው የሚመስለው። ጋሼ "መጀመሪያ እሱ ይበል" አለ። ... ይጠብቃል ይበል ነዋ። ... ቆይ እስቲ። ክራቫቱን እያላላ ነው። ተቆጣጣሪውን አየ። ባቡሩን አየ። ... አለ። እትዬ፣ አለ። "ይጠብቃል" አለ፣ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው።

— አልወረደም። ... እኔ ምን ላድርግ? አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጎ ቆሟል። "ይቅርታውስ?" ይላል። ... አይ አንቺ፣ ምን ዓይነት ሰውዬ ነው ያገባሽው። ቆይ፣ ስልኩን ያዢ...

— ጋሼ! ይቅርታ ብሏል! ... አዎ፣ አሁን ነው ያለው! ከላይ ነፋስ ስለሆነ ነው ያልሰማኸው! ውረድ በቃ!

— ሄሎ፣ አለሁ። እየወረደ ነው። ቀስ እያለ። ... ተቆጣጣሪው? እሱ ቃላችንን አላመነም፣ የራሱን መፍቻ ይዞ በሌላው መሰላል እየወጣ ነው። ይውጣ፣ አንድ የላላች ብሎን ካገኘ እኔ እበላታለሁ። ... ባቡሮቹን ደግሞ ጋሼ ዛሬውኑ ከነሽፍታቸው ጭንብል ያደርግባቸዋል። ሽፍታ የወጣበት ሽፍታ ይሆናል፣ ምን ችግር አለው? ጫካ ውሃ የለ፣ ሳሙና የለ። ... አዎ፣ ሥራው አለ። ዋሻውም፣ ጣቢያውም የሱ ነው። ፍሪጅሽ ተረፈ።

— ምን? ... ሰምተሻል አይደል እንዴ፣ "ይቅርታ ብሏል" ስል? ... እኔን ሳይሆን ማናጀሩን ሰምቼው እንደሆነ ነው የምትጠይቂኝ።

— እትዬ፣ ሽፍታ የወጣበት ባቡር አምነሽ፣ ፍ የሚባል ምሰሶ አምነሽ፣ አሁን ይቅርታው ላይ ስትደርሺ ነው የምትጠራጠሪው?

— ...እሺ። እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ... ማናጀሩ ያለው "ውረድና ሥራህን ሥራ" ነው። ሌላው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ናት እኮ፣ አንዲት ቃል ባልጨምር እስከ ማታ እዚያው ነበር የሚቀመጠው።

— እንዳትነግሪው። ... አደራ። ድምፅሽን ቀንሺ፣ በሩ ላይ ደርሷል። ... — ኧረ ጋሼ፣ እንኳን በደህና ወረድክ። እሷ ናት። ... ምን አለች? "እሰይ፣ ይበለው ማናጀሩን" ነው ያለችህ። — ሄሎ? እትዬ? ... ሄሎ? ...

— ዘጋችው ጋሼ። ኔትወርክ ይሆናል።