የባትሪዋ ጥርስ

በእኛ የሾፌርነት ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሚኒባስ በቁልፍ ብቻ አይነሳም፣ በትከሻም ይነሳ ነበር። እኔ ከሰበታ ተጂ ነበር የምሠራው፣ እና ባትሪዬ ስለደከመች ቁልቁለት ካላገኘሁ ሞተር አላጠፋም ነበር። ታዲያ ያ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጊዜ መጣ። መሬታችን ሊወሰድ ነው ብለው ወጣቶቹ መንገዱን በድንጋይ ዘጉት፣ እኔም ደርሼ ቆምኩ፣ እና አንዱ መጣና «ኦቦ፣ ሞተሩን ያጥፉት» አለኝ። ካጠፋሁት አይነሳም ብዬ ብነግረው፣ ሊያመልጥ ነው ብሎ ጠረጠረኝ። አጠፋሁት።

ታዲያ ትንሽ ቆይቶ ከማዶ ተኩስ ተሰማ፣ መኪናው ሁሉ እየዞረ ሄደ፣ እኔ ቁልፉን ባዞር፣ ባዞር፣ ጭጭ። ተሳፋሪው ይጨነቃል፣ እኔም ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፤ ቤቴ የሚበላው በሚኒባሷ ነው፣ እዚያ ቀርታ ብትቃጠል አለቀልን። እና ማን ገፋኝ መሰላችሁ? እነዚያው መንገድ የዘጉት! «ዲባ፣ ዲባ» ይላሉ፣ ግፉ ማለት ነው፣ ገፍተው አስነሱልኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለብርቄ ብነግራት፣ አዲስ ባትሪ ሳትገዛ ከዚህ ቤት አትወጣም አለችና አብራኝ ሱቅ መጣች። ብርቄ የገበሬ ልጅ ናት፣ በሬ ሲመረጥ እያየች ያደገች። ባለሱቁ የምታብረቀርቅ ባትሪ አወጣና አዲስ ናት፣ ላስቲኳ እንኳ አልተቀደደም ይላል። እሷ ምን አለችው?

«ጥርሷን አሳየኝ።»

«እናቴ፣ ባትሪ ጥርስ አለው እንዴ?»

«ዕድሜዋን ነው የምልህ። በሬ ስንገዛ አፉን ከፍተን እናያለን። እቺስ መቼ ተሠራች?»

ታዲያ ሰውየው ከላይ የተመታውን ቀን ሲያነብ ድምፁ ቀነሰ። ለካ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ከርማለች፤ ባትሪ ደግሞ ቁጭ ብሎም ያረጃል፣ ይህን እኔ መች አውቄ! ከጓዳ ሌላ አመጣ፣ በቅርብ የተሠራች፣ ከባድ። ብርቄ አንስታ መዘነቻትና እሺ አለች። በዚህም አልበቃት። የድሮዋን የገደላት ማሰሪያ ብረቷ ጠፍቶ በየኮረኮንቹ መናጧ ነበርና፣ ሰውየው አዲስ ብረት አድርጎ በብሎን ሲያጠብቃት እሷ በእጇ ወዘወዘቻትና፣ «ትነቃነቃለች፣ ድገመው» አለችው። ደገመው።

እና ሳምንትም አልቆየ፣ መንገዱ እንደገና ተዘጋ፣ እኔም ሞተሩን አጥፍቼ ቆምኩ። ልመለስ ስል ያው ሞተሩን ያስጠፋኝ ልጅ አየኝና ጓደኞቹን ጠርቶ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊገፉኝ መጡ። ቁልፉን ባዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ! ልጁ እጁን መኪናዋ ላይ እንዳደረገ ቀረ። «ኦቦ፣ ታዲያ እኛን አልፈለጉንም ማለት ነው?» አለኝ፣ ቅር ብሎት እኮ ነው። «እናንተንማ እፈልጋለሁ። ግቡ፣ ዛሬ እኔ ላድርሳችሁ» አልኩት።

«ገቡ እንዴ አባባ?»

ገቡ እንጂ፣ አንድም አልቀረ! ገፊዎቹ ሁሉ ውስጥ ናቸው፤ ያን ቀን ባትሪዋ ባትጠነክር ኖሮ ማን ሊገፋን ነበር? ሃ ሃ ሃ!