ከገመቺስ ስቱዲዮ ስለተነሳው የራክ ኬዝ ወንድሙ ቦዔዝ ዳበሳ የሰጠው ቃል

ቃል ሰጪ፦ ቦዔዝ ዳበሳ ቡሴ
ዕድሜ፦ 17
ሥራ፦ ተማሪ፣ 11ኛ ክፍል
አድራሻ፦ አሶሳ ከተማ፣ ወረዳ 2
ቀን፦ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጠዋት
አብሮ የተገኘ ወላጅ፦ አባት፣ አቶ ዳበሳ ቡሴ (የግል ተበዳይ)
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ፦ ረዳት ኢንስፔክተር ኢቲዳል ሀዲል

እኔ ቃል ሰጪው አሥራ ስምንት ዓመት ስላልሞላኝ አባቴ ባለበት ቃሌን እንድሰጥ ተነግሮኝ፣ ያየሁትንና የማውቀውን ብቻ እንድናገርም ተመክሬ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ።

የተጠራሁት ከቤታችን ተሰርቆ በተጠርጣሪው በሰራዊት ታረቀኝ ቤት ተገኘ የተባለው የኮምፒውተር ኬዝ የሟች ወንድሜ የገመቺስ ዳበሳ መሆን አለመሆኑን እንድለይ ነው። ኬዙ ከነውስጡ በመርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦልኝ አይቼዋለሁ። የወንድሜ ነው። ነገር ግን አልተሰረቀም። ይህን የምናገረው አቤቱታውን ያቀረበው አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማ ነው።

በምን ለየኸው ተብዬ ስጠየቅ፣ ሲመረጥ ስለነበርኩ ነው ብያለሁ። መርማሪዋም እንዴት እንደተመረጠ እንድናገር ፈቅዳልኛለች።

ወንድሜ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ስቱዲዮ ነበረው። ክፍሏ የጭቃ ናት። ከውስጥ ግድግዳውን በተሰነጠቀ ቀርከሃ ለብዶ፣ በቀርከሃውና በጭቃው መሀል አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅጥቆበታል። የቤተ ክርስቲያን መዘምራንና የሠርግ ዘፋኞች እየመጡ ይቀረጹባት ነበር። ሰራዊት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከወንድሜ ጋር የተማረ ጓደኛው ነው፤ ቤተሰቡ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ወንድሜ ይቀርጻል፣ ሰራዊት የተቀረጸውን ያስተካክላል። የክፍሏ ቁልፍም ሁለት ነበር፤ አንዱ ወንድሜ ጋ፣ አንዱ ሰራዊት ጋ።

በፊት የነበረው ኮምፒውተር ቢሮ ውስጥ እንደሚታየው ቆሞ የሚቀመጥ ነበር። የሚያቀዘቅዘው ፋን ይጮሃል። መዝሙር ሲቀረጽ ከድምፁ ሥር ወፍጮ ቤት የሚመስል ነገር ይሰማል። ወንድሜ ብርድ ልብስ ሲያለብሰው ይሞቅና ይጠፋል፤ ሲገልጥለት ደግሞ ይጮሃል። እናቴ "ይሄ ነገር ወባ ይዞታል፤ አልብሱኝ ይላል፣ ግለጡኝ ይላል" ትል ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በጋ ወንድሜ ከቀርከሃ መደርደሪያ ሠራ። ራክ ነው የሚባለው፤ ሚክሰሩና ሌሎቹ የስቱዲዮ ዕቃዎች ግራና ቀኛቸውን በብሎን ታስረው አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደሩበታል። ኮምፒውተሩም እዚያው እንዲገባ ተኝቶ የሚታሰር፣ ከፊቱ በሁለት በኩል ብሎን የሚገባበት ጆሮ ያለው ኬዝ ያስፈልግ ነበር። አሶሳ ውስጥ ስላልተገኘ አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ በቴሌግራም ፎቶ ይልክልን ጀመር። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም ነበር። ወንድሜ ቀጭኑን ወደደ፤ ያምራል፣ ቦታ አይፈጅም አለ። ሰራዊት ወፍራሙ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። የሰራዊት ምክንያት፣ ቀጭኑ ውስጥ የሚገባው ፋን ትንሽ ስለሆነ ለማቀዝቀዝ በፍጥነት መዞር አለበት፤ በፍጥነት ሲዞር ደግሞ ያፏጫል የሚል ነበር። ወፍራሙ ትልቅ ፋን ስለሚይዝ ቀስ ብሎ ቢዞርም ይበቃዋል።

ይህ ክርክር ማንጎ ደርሶ እስኪያልቅ ቆየ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱ የስቱዲዮው በር ላይ ማንጎ እየላጡ ሲከራከሩ አገኛቸዋለሁ።

ሰራዊት "ፋን ማለት እንደ ውሻ ነው፤ ሰው የማታስተኛው ትንሿ ናት" ይላል።

ወንድሜ "እናንተ ቤት ያለው ትልቁ ውሻ እኮ ሌባ ሲገባም አይጮህም" ይለዋል።

"ታዲያ ለስቱዲዮ የሚሆነው እሱ አይደል?" ይላል ሰራዊት።

አንድ ቀን ወንድሜ "ቦዔዝ፣ አንተ ፍረድ" አለኝ። ወፍራሙ ይሻላል አልኩ። ወንድሜ ወደ እጄ እያየ "በማንጎ ገዝቶሃል" አለኝ። እውነትም የያዝኩትን ማንጎ የሰጠኝ ሰራዊት ነበር።

ወንድሜ ተሸንፎም በዓይኑ ሳያይ አላመነም። ነጋዴው የላከውን ልክ ይዞ ከማካሮኒ ካርቶን የወፍራሙን ኬዝ አምሳያ ሠራ፤ ፋኑን በከሰል ሣለበት። ራኩ ውስጥ ሲከተው ልክክ ብሎ ገባ። ብሩ ተሟልቶ ዋናው እስኪመጣ ድረስ ካርቶኑ እዚያው ተቀምጦ ቆየ። ለመቀረጽ የሚመጣውን ሁሉ "ከአዲሱ ኮምፒውተራችን ጋር ተዋወቁ፤ እንዲህ ዝምተኛ አይታችሁ አታውቁም" እያለ ያስቃቸው ነበር።

ዋናው ኬዝ በአውቶቡስ ተጭኖ ሲመጣ ግን አልገባም። ልኩን የለካነው በካርቶን ነው፤ ካርቶን ደግሞ ከጀርባው የሚወጣ ገመድ የለውም። ገመዶቹ ሲሰኩ ኬዙ ወደ ፊት ወጥቶ ቀረ። ራኩ ከግድግዳው ጋር ስለታሰረ ወደ ፊት አይሳብም። ሰራዊት መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ወንድሜ ዶማ ይዞ ወጣ፤ በጓሮ በኩል ዞሮ ግድግዳውን በሳው። ኬዙን ወደ ኋላ ስንገፋው ጀርባው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የፋኑም ድምፅ ሙቀቱም ወደ ጓሮ ይወጣል። ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት የእናቴ ዶሮዎች ቀዳዳው ሥር ተደርድረው ይሞቁ ነበር። ወንድሜ ኮምፒውተሩ በርቶ መሞቅ መጀመሩን ለማወቅ እኔን "ወጥተህ ዶሮዎቹን እይልኝ" ይለኛል። ሄጄ አይና "ተሰብስበዋል" ብዬ በመስኮት እነግረዋለሁ።

በኬዙ ላይ የማውቃቸውን ምልክቶች እንዳሳይ ተጠይቄ አሳይቻለሁ። የግራ ጆሮው የብሎን ቀዳዳ በሞረድ ሰፍቷል፤ ቀርከሃው ሲደርቅ ስለተጣመመ ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ከፊት በኩል አቧራ እንዳይገባ የተወጠረች የአጎበር ቁራጭ አለች። የኋላው ጠርዝ ላይ የግድግዳችን ቀይ ጭቃ ደርቆ አለ።

ኬዙ ከቤት የወጣበትን ሁኔታ በተመለከተ፣ ወንድሜ ባለፈው ነሐሴ ከባምባሲ ሲመለስ በዝናብ ሞተር ሳይክሉ ተገልብጦ ሕይወቱ አልፏል። በቀብሩ ማግስት ከወለጋ የመጡት ዘመዶቻችን ስለበዙ ስቱዲዮው ለእንግዳ ማደሪያ ተከፈተ። ሳር ተጎዘጎዘበት። ሰው ከነጭቃ ጫማው ይገባል፤ ስልኩን ለመሙላት የራኩን ገመድ ይነቅላል። ሰራዊት በጠራራ ፀሐይ፣ የእድር ሰዎች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው እያዩት መጥቶ ብሎኖቹን ፈታ። አንዱን ጆሮ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን አወጣነው። በብርድ ልብስ ጠቅልለን ባጃጅ ላይ ጫንነው። ሲሄድ "እዚህ ከቆየ በጭቃ ያልቃል" ብሎኛል።

ለምን አባትህን አላስፈቀደም ተብዬ ተጠይቄአለሁ። በሰፈራችን ለቅሶ ቤት ዕቃ የሚያነሳ ሰው ሐዘንተኛውን አይጠይቅም፤ ነውር ነው። እድርተኛው አልጋ ያወጣል፣ ቁም ሳጥን ጎረቤት ቤት ያስገባል፤ ልጁን ቀብሮ የተቀመጠን ሰው ይህን የት ላድርገው ብሎ የሚያስቸግር የለም። ቴሌቪዥናችንም የወጣው እንደዚሁ ነው። አባቴ ቴሌቪዥኑን ያወጣውን ሰው አልከሰሰም።

እዚህ ላይ አባቴ "ቴሌቪዥኑ ተመልሷል" ሲል ተናግሯል። መርማሪዋ ቃሌን እስክጨርስ እንዲታገስ ነግራዋለች።

ኬዙ እስካሁን ያልተመለሰበትን ምክንያት የማውቀው ሰራዊት በስልክ ስለነገረኝ ነው። ከለቅሶው በኋላ ትምህርት እስኪጀመር ባምባሲ አክስቴ ቀነኒ ቤት ነበርኩ። እዚያ እያለሁ ደውሎልኝ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡ የገባውን ሳርና ጭቃ እያጸዳ መሆኑን ነገረኝ። አንድ ጎረቤታችን እሱ ቤት ተከፍቶ ያየው ለዚህ ነው እንጂ እየተፈታ ሊሸጥ አይደለም።

ሌላም ነገረኝ። ኬዙ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ያላለቀ ሥራ አለ። ባለፈው በጋ አቶ ኻሚስ የሚባሉ አዛውንት የዋዛ ነፊዎቻቸውን ይዘው ከመንጌ መጥተው ነበር። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ጥሩምባ ነው፤ አንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ይነፋል፣ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ሲገባ ነው። አንዱ ከዘገየ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራሉ። አቶ ኻሚስ ከመጀመራቸው በፊት ራኩን አይተው "ይሄ ሳጥን ጠፍቷል? ወላሂ ምንም አይሰማም" አሉ። ወንድሜ ኬዙ ላይ የበራውን መብራት አሳያቸውና ወደ ሰራዊት ዞሮ ሳቀ። ወፍራሙን መግዛታችን ልክ እንደነበር ያመነው ያን ዕለት ነው። እስኪመሽ ቀረጹ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ወንድሜ ዘፋኝ አይደለም። በቀረጻው ላይ የእሱ ድምፅ የሚገኘው በየመሀሉ ነው። "ቆይ ቆይ" ይላል። "ከላይ እንጀምር" ይላል። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ሳልዎን ይጨርሱ፣ እንጠብቃለን" ይላል። ሥራው ለአቶ ኻሚስ ሲሰጥ እነዚህ ከውስጡ መውጣት አለባቸው። ሰራዊት ቆርጦ ሊጥላቸው አልቻለም። አንድ በአንድ እያወጣ ለብቻቸው ለእናቴና ለአባቴ እያስቀመጣቸው ነው። አንዱን ባወጣበት ቀን ሌላ መሥራት እንደማይችል ነግሮኛል፤ የዘገየውም በዚህ ነው። ሲጨርስ ኬዙንም ድምፁንም አንድ ላይ ይዞ ሊመጣ ነበር።

ይህን ለአባትህ ነግረኸው ነበር ወይ ተብዬ፣ አልነገርኩትም ብያለሁ። ከባምባሲ ስመለስ ስቱዲዮው ተቆልፎ የወንድሜ ቁልፍ አባቴ ኪስ ገብቶ ነበር። በቤታችን የወንድሜ ነገር አይነሳም፤ እናቴ ስሙን ከጠራች አባቴ ተነስቶ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ክፍሉን ራሱ ከፍቶ ገባ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። እናቴ እንደነገረችኝ፣ ራኩ መሀል ባዶውን ቦታና በግድግዳው ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን አይቶ ብዙ ቆመ። ያ ጎረቤታችን ኬዙን ሰራዊት ቤት ተከፍቶ አየሁት ሲለው ማንንም ሳያናግር ወደ ፖሊስ ሄደ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ የከሰሰው የቀረው ዕቃ እንዳይበተን ብሎ ነው።

በመጨረሻ ኬዙ ለማን ይሰጥ ትላለህ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። የቤተሰቤ ነው። ነገር ግን የወንድሜን ድምፅ ከዜማው መለየት የሚችል ከሰራዊት በቀር የለም። ሰራዊት ከእስር ተፈትቶ፣ ኬዙ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ እዚያው እኛ ቤት ቢጨርሰው እወዳለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ካበቃ በኋላ አባቴ መርማሪዋን አስፈቅዶ ወደ እኔ ዞሮ "ብዙ ይቀረዋል?" ሲል ጠየቀኝ። ስንቱን እንዳወጣ እንደማላውቅ፣ ነገር ግን ወንድሜ ገሜ ሰው ማስደገም ስለሚወድ ድምፁ ብዙ ቦታ ላይ እንደሚኖር ነገርኩት። አባቴ "እንግዲያው አይቸኩል በሉት" አለ። መርማሪዋ ይህ ከምስክርነቱ ውጭ መሆኑን ብትገልጽም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ማንም ሳያስገድደኝ ከአፌ የወጣ፣ ያየሁትና የሰማሁት እውነት መሆኑን፣ ተነቦልኝም ያልተጨመረበትና ያልተቀነሰበት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ቦዔዝ ዳበሳ — ፊርማ
አብሮ የተገኘ ወላጅ፦ ዳበሳ ቡሴ — ፊርማ
መርማሪ፦ ረዳት ኢንስፔክተር ኢቲዳል ሀዲል — ፊርማ