ፊቱን ያተምንበት ጠርሙስ

የተከበሩ እናቱ፣ የተከበርሽ ባለቤቱ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቶች፣ የጠመቃ ቤታችን ሠራተኞች፤ ፀሐይዋ በርትታለችና ብዙ አላቆማችሁም። ብዙ ለመናገርም አፍ የለኝም። አፍሬአለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ቢራ ጠማቂ ነኝ። ዛሬ የምንቀብረው ወዳጃችን ደግሞ ቀማሻችን ነበር። እኔ እጠምቃለሁ፣ እሱ ቀምሶ የትኛው ቢራ ከየትኛው ምግብ እንደሚስማማ ይነግረናል። «አጋቢው» ያልነውም ለዚህ ነው። ቀለል ያለውን የስንዴ ቢራ ለሰላጣና ለአይብ ይድረዋል። መረር ያለውን ለተጠበሰ ዶሮ። ጥቁሩን ግን በበጋ ለማንም አይድርም፤ «ብርድ እስኪመጣ ይጠብቅ» ይል ነበር።

አንድ ቀን፣ ልክ እንደዛሬው ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ቀትር፣ ከጠመቃ ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት ተቀምጠናል። ጎናችን ያለ ሰውዬ የተጠበሰ ዓሣ ቀርቦለት ጥቁር ቢራ አዘዘ። ይሄ ወዳጃችን አላስቻለውም። ተነስቶ ሄደና «ወንድሜ፣ ይሄ ዓሣ ምን አደረገህ?» አለው። ሰውዬው ሊቆጣ ነበር። እሱ ምን ተዳው? ከራሱ ጠርሙስ ቀዝቃዛውን የስንዴ ቢራ ቀዳለትና «መጀመሪያ ጉረስ፣ ከዚያ ተጎንጭ» አለው። ሰውዬው ጎረሰ፣ ተጎነጨ። ከዚያ ወንበር ሳበለት። ያ ሰውዬ ዛሬ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው።

ምላሱ ውሸት አያውቅም ነበር። የእኛስ?

በዚህ በጋ የሐብሐብ ቢራ ጠመቅን። ሐብሐቡ አልበቃ ሲል ሽሮፕ ጨመርንበት። የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጠርሙሱ ላይ ደግሞ «የአጋቢው ምርጫ» ብለን የእሱን ፎቶ አተምን። ጠየቅነው? አልጠየቅነውም። አንድ ጊዜ ተጎነጨና ብርጭቆውን አስቀመጠው። «ይሄ ጥም አይቆርጥም፣ ጥም ይጨምራል። ከምን ጋር ላጋባው? በሉ ፊቴን ከጠርሙሱ ላይ አንሱልኝ» አለን። እሺ አልነው። በጋው ይለፍና አልነው። በጋው ሳያልፍ እሱ አለፈ።

ዛሬ ጠዋትስ ምን አደረግን? ያንኑ ቢራ በሳጥን ጭነን ለቅሶ ቤቱ ሄድን። በዚህ ሙቀት ለሐዘንተኛ ቀዝቃዛ ነገር ማቅረብ ደግ ሥራ መስሎን። ጠርሙሱ ከበረዶ ሲወጣ ፊቱ ላይ ውሃ ይወርዳል። እናቱ አንዱን አነሱና በመሐረባቸው ይጠርጉት ጀመር። «ልጄን አልቦታል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እሱ የሚወደው ይሄንን ነበር?»

አጠገባቸው የነበራችሁ ሰምታችሁኛል። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ እማማ» አልኳቸው። በዕድሜያቸው ቢራ ቀምሰው የማያውቁት እናት በብርጭቆ ቀድተንላቸው ተጎነጩ። ፊታቸው ተጨማደደ። «እሱ ከወደደው ጥሩ ነው» አሉና ብርጭቆውን ጨረሱት።

እማማ፣ አልወደደውም። ዋሽቼዎት ነው። ልጅዎ የሚወደው ቀለል ያለውን የስንዴ ቢራ ነበር። ይሄን ከእኔ መስማት የነበረብዎት ጠዋት ነው፤ አፈርኩና ዋሸሁ፣ ዋሸሁና ይኸው የባሰ አፈርኩ። ይማሩኝ። የጠመቃ ቤቱ ባለቤት፣ ጋሼ፣ እየሰሙኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳጥኖቹን ወደ መኪናው እንዲመልሱ ለሠራተኞቹ ነግሬአለሁ። ቁጣዎን፣ ከሥራ ማባረርም ከሆነ፣ ነገ እቀበላለሁ።

አንተ ወዳጄ፣ አንዲት ነገር ለመንከን፣ እሷኑ ነሳንህ። ምን ብዬ ልሸኝህ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ያንተ ስም ግን በማትወደው ቢራ ላይ በየሱቁ መደርደሪያ ተደርድሯል። እየዞርኩ እለቅመዋለሁ። ሳልለቅመው ደህና ሁን ማለት ያሳፍረኛል። ግን አፈሩ አይጠብቀኝም። ደህና ሁን ወንድሜ።