የማያልቀው ባኞ ቤት

ገርጂ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፤ አቶ ይግለጡ አንድ ቢጫ ሴራሚክ በብብታቸው ሸጉጠው በጓሮ በር ገብተዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ኮሪደሩ ላይ የተዘጋውን የባኞ ቤት በር በጀርባቸው ተደግፈው ቆመዋል።

ይግለጡ፦ ይፈርሳል አልኩሽ፣ ይፈርሳል። ዞር በይልኝ።

ጥሩወርቅ፦ ቀስ ብለህ አውራ። ደግሞ ምኑ ነው የሚፈርሰው? አስናቀ ትናንት ጨርሶ፣ መዶሻና መሮውን ጠቅልሎ፣ ቤቱን መርቆ ሄዷል።

ይግለጡ፦ ግንበኛ መረቀ ተብሎ ቤት አለቀ አይባልም። ቢጫውን አይተሽዋል? የዘይት ጀሪካን እኮ ነው የሚመስለው። እኔ ያልኩት እንደዚህ ያለውን ነው፣ ይኸው። ረጋ ያለ፣ የቅቤ ቢጫ።

ጥሩወርቅ፦ የቅቤውን ቢጫ ባለፈው አስለጥፈህ፣ “ጉበቱን የታመመ ሰው ዓይን ይመስላል” ብለህ ያስነቀልከው አንተው ነህ።

ይግለጡ፦ ያኛው የቅቤ አልነበረም። የሽሮ ነበር።

ጥሩወርቅ፦ መጀመሪያ ነጭ ነበር፤ “ሆስፒታል መሰለ” አልክ። ልጅህ ምንታምር ግራጫ ይሁን አለች፤ ግድግዳው ሁሉ ግራጫ ሆነ፤ “ምሽግ ውስጥ ነው እንዴ የምታጠበው” አልክ። እሺ ብላ፣ መስኮት ስለሌለው ትንሽ ብርሃን ይስጠው ብላ በመሃል ቢጫ አስገባችበት፤ ለሱም ስም አወጣህለት። ከክረምት ጀምሮ ፎጣ ትከሻችን ላይ ጥለን የወይዘሮ ባፈናን በር ስናንኳኳ፣ ሰፈሩ “ዋናተኞቹ መጡ” ሲለን ከረመ።

ይግለጡ፦ ወይዘሮ ባፈና ቅር አላላቸውም።

ጥሩወርቅ፦ ቅር ያላለው ሰው ሳሙናውን አይደብቅም። ምንታምር ለዚህ ቤት ብላ የገዛችውን ቢጫ ፎጣ እንኳን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈህበት፣ ቁልፉን በኪስህ ይዘህ ትዞራለህ።

ይግለጡ፦ ባኞ ቤቱ ሳያልቅ ያ ፎጣ አይወጣም። ተናግሬያለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ድምፅህን ዝቅ አድርግ።

ይግለጡ፦ በገዛ ቤቴ? ማን እንዳይሰማኝ ነው? ምንታምር አለች እንዴ?

ጥሩወርቅ፦ ክፍሏ ውስጥ ናት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሊያገባት የጠየቃት የያፌት ሽማግሌዎች ዛሬ እንደሚመጡ ታውቃለህ። አባትየው ደውለው፣ በጨዋ ደንብ ነው የነገሩኝ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ከተመለሱ ዳግመኛ አይመጡም። ልጃችንን መክረን ዝም እናሰኘዋለን ብለዋል።

ይግለጡ፦ የነገርኳቸውን ያውቃሉ። “ቤቱ ፈርሷል፤ ባኞ ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ መልሱን እሰጣችኋለሁ” ብያለሁ። ቃሌ ቃል ነው። አላለቀም።

ጥሩወርቅ፦ ሰው ሽማግሌ መመለስ ሲፈልግ “ዘመድ እንማከር” ይላል። “አጎቷ ሩቅ አገር ነው” ይላል። ፉጋው አልደረቀም ተብሎ ሽማግሌ ሲመለስ ግን እኔ ባንተ ነው ያየሁት።

ይግለጡ፦ ፉጋ በሴራሚክና በሴራሚክ መሃል የሚገባ ትልቅ ነገር ነው። ሳይደርቅ ከተነካ ያልቅለታል። ይኼንን ለዚያ ለሻለቃ ጓንጉል ቁጭ ብሎ እንዲሰማኝ ብለምነው፣ “ልጅቷን ሳትሰጡን አንቀመጥም” ብሎ ሳሎኔ መሃል እንደ ኮረንቲ ምሰሶ ተገተረ።

ጥሩወርቅ፦ ይግለጡ፣ ቀስ።

ይግለጡ፦ ምን ቀስ አለው? ሶፋው እያለ፣ ወንበሩ እያለ። እኔ ሳስረዳው እሱ ዱላውን ተደግፎ እግሩን ያፈራርቃል። ጡረታ የወጣ አልመሰለኝም፤ ሰልፍ ላይ ያለ ነው የመሰለኝ።

ጥሩወርቅ፦ ወጉ ነው። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። አንተ እኔን ስታስጠይቅ የመጡት አጎትህስ ቆመው አልነበር? አባቴ ግን በሰው ልጅ እግር አልቀለዱም፤ በመጀመሪያው ቀን አስቀመጧቸው። ሻለቃም እግራቸውን ያፈራረቁት ስኳር ስላለባቸው ነው። ሽንት ይዟቸው ነው። የኛ ባኞ ቤት ፈርሶ፣ ትልቅ ሰው በጭቃ እየመራሁ ወይዘሮ ባፈና ጋ ወሰድኳቸው። በሀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይግለጡ፦ ወታደር አይደል? ይቻለው።

ጥሩወርቅ፦ እስቲ ዓይኔን እየኝ። አስናቀን ለብቻው ይዤ ጠየቅኩት። “ጋሼ ናቸው አትቸኩል የሚሉኝ” አለኝ። አንድ ቀን ምሳ በልቶ ሲመለስ የለጠፈውን በቢላዋ ስትፈነቅል አግኝቶሃል።

ይግለጡ፦ ጠማማ ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ይግለጡ።

ይግለጡ፦ ትንሽ ጠማማ ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ልጁ ምን አጠፋ? እሱን ንገረኝ።

ይግለጡ፦ ልጁማ ምን ይወጣለታል። የሚያናድደኝ እሱ እኮ ነው። አንዲት እንከን ባገኝበት ሴራሚክ ምን ያስፈነቅለኛል?

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ?

ይግለጡ፦ ጠዋት ጠዋት እዚህ ኮሪደር ላይ ጋዜጣ ይዤ እቀመጥ የነበረው ለምን ይመስልሻል?

ጥሩወርቅ፦ እኔ ምን አውቃለሁ። እዚህ ጨለማ ነው፣ ዓይንህ ይጠፋል ስልህ አትሰማኝም።

ይግለጡ፦ ማን ያነባል? ምንታምር ስትታጠብ ትዘፍናለች። ከትንሽነቷ ጀምሮ። ዜማው ዜማ አይደለም፣ ግጥሙንም ግማሹን ትረሳውና በራሷ ትሞላዋለች። እኔ እሱን ሳልሰማ ቀኔ ቀን አይሆንም። ነገ ያ ልጅ ይዟት ሲሄድ እዚህ የሚቀረኝ የቧንቧ ጠብታ ነው። አልቻልኩም፣ ጥሩዬ። ሆዴ እምቢ አለኝ።

ጥሩወርቅ፦ የኔስ ሆድ? አልጋዋን ሳነጥፍ ስንቴ እንደማለቅስ አታውቅም። ግን አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ቤት ከፈረሰ ወዲህ ልጅህ ስትዘፍን ሰምተሃል?

ይግለጡ፦ አልሰማሁም።

ጥሩወርቅ፦ የት ትሰማለህ። የምትታጠበው ወይዘሮ ባፈና ጋ ነው። ስትዘፍን የሚሰሟት እሳቸው ናቸው። “ድምጿ ቤቱን ሞላልኝ” ይሉኝ ነበር። እንዳትሄድብህ ብለህ ዘፈኗን ለጎረቤት የሰጠኸው ራስህ ነህ።

ይግለጡ፦ ይሉኝ ነበር? አሁንስ?

ጥሩወርቅ፦ አሁን ትታዋለች። ሽማግሌዎቹን ለሁለተኛ ጊዜ ከመለስካቸው ወዲህ ድምፅ ሳታሰማ ታጥባ ትወጣለች። “ልጅቷ አሟታል ወይ?” ብለው ጠየቁኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

ይግለጡ፦ አትዘፍንም?

ጥሩወርቅ፦ አትዘፍንም።

ይግለጡ፦ እንግዲህ… ማታ ሲመጡ አስብበታለሁ። እስከዚያው ዞር በይ፣ ይቺን ሴራሚክ ከግድግዳው ጋር ላስተያያት።

ጥሩወርቅ፦ አሁን መግባት አይቻልም።

ይግለጡ፦ ለምን?

ጥሩወርቅ፦ ሰው አለበት።

ይግለጡ፦ የምን ሰው?

ጥሩወርቅ፦ ሽማግሌዎቹ ቀደም ብለው መጡ። አንተ በጓሮ ስለገባህ አላየሃቸውም። ሁለቱ ሳሎን ቆመዋል። አንዱ ግን መቆም አልቻሉም፤ በስንት ልመና እዚህ አስገባኋቸው።

ይግለጡ፦ ሻለቃ?

ጥሩወርቅ፦ ሻለቃ።

ይግለጡ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ጥሩወርቅ፦ ከ“ይፈርሳል” በፊት ጀምሮ።

ይግለጡ፦ የኮረንቲ ምሰሶውንም…

ጥሩወርቅ፦ ቀስ በል ስልህ ነበር። ዘፈኑንም ሰምተዋል። መሃል ላይ ንፍጣቸውን ሲናፈጡ ሰምቻለሁ፤ እንግዲህ ጉንፋን ይሁን ሌላ አላውቅም።

ይግለጡ፦ ግን እኮ እሳቸው… መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው አልነበረም እንዴ?

ጥሩወርቅ፦ ብለው ነበር። ይኸው ቤትህ ተቀምጠዋል። አሁን መልስ ያልሰጠህ አንተ ብቻ ነህ።

ይግለጡ፦ እንቺ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ። ሻለቃ ሲወጡ እጃቸውን በቢጫው ፎጣ ያድርቁ።